ስምንት ዓመት ያሳደግኳት ልጅ በሕግ የማን ናት?

እናት ዓለም፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቤቴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ልጅ አለች። እዚህ ሚሚ ልበላት። የወለደቻት እናቷ እኛ ቤት ትሠራ ነበር። ሚሚ ስምንት ወር ሲሆናት ቤሩት ሄደች። "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ፣ እስከዚያ አደራ" ብላኝ ነው የሄደችው። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ትደውል ነበር። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አባቷን አላውቀውም። ስሙን እንኳ ነግራኝ አታውቅም።

እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም። ሚሚ ሌሊት ስታስል ቀድሜ የምነቃው እኔ ነኝ። "እማ" የምትለው እኔን ነው። የወለዳት ሌላ ሰው መሆኑን ለረጅም ጊዜ ረስቼው ኖሬያለሁ ብል ውሸት አይደለም።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ አለ። ወረዳ ሄጄ ቅጹን ተቀበልኩ። የልጅቷን ስም ጻፍኩ፣ የተወለደችበትን ቀን ጻፍኩ። "የእናት ስም" የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ ሰው ይገፋፋል። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ጎረቤቶቼ "እንደወለድሻት አድርገሽ አስመዝግቢያት፣ ማን ያውቃል" ይሉኛል። ባለቤቴ ፈርቷል። አንድ ሰው ደግሞ "የአደራ ቤተሰብ" የሚባል ነገር አለ ብሎኛል። ጉዲፈቻ ላደርጋት እችላለሁ? እናቷ ወይም አባቷ ነገ ቢመጡስ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጠበቃ ነኝ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። እንደወለድሻት አድርገሽ እንዳታስመዘግቢ። ለመንግሥት መዝገብ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ወንጀል ነው። ለሚሚም አይበጃትም። በውሸት የቆመ ወረቀት የተጣላሽ ዘመድ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ የምትጎዳው እሷ ናት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ጉዲፈቻ ማድረግ ትችላላችሁ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። ክልል ከሆንሽ ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እሱን ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995 አለው።

በፌዴራሉ ሕግ ጉዲፈቻ የሚያደርግ ሰው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ሲሆኑ ከሁለት አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ግን አብረው ማድረግ አለባቸው፣ አንቺ ብቻሽን ፈርመሽ አይሆንም። ስለዚህ ባለቤትሽ ፍርሃቱን ይዞም ቢሆን አብሮሽ መቆም አለበት። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ናት፣ እሱ ላይ ችግር የለም።

ከባዱ የወላጅ ስምምነት ነው። ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። አንዱ ከሞተ፣ ከጠፋ፣ ካልታወቀ ወይም ፈቃዱን መስጠት ካልቻለ የሌላው ይበቃል። አባትየው አይታወቅም። ስለዚህ ቁልፉ ያለው እናትየው ጋ ነው። "ስልኳ አይሠራም" ብቻውን ለዳኛ አይበቃም። ፈልጊያት። አገር ቤት ዘመድ የላትም? ቤሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ። ከተገኘችና ከተስማማች እዚያው ሄዳ ስምምነቷን በውክልና መስጠት ትችላለች።

ከዚያ ስምምነቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጸድቃል። ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ስምምነት ዋጋ የለውም። ውሉን ተፈራርሞ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ሌላም የማየው ስህተት አለ። ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ የሞግዚትነት ውሳኔ ያወጣና "ልጄ ሆነች" ብሎ ያርፋል። ሞግዚት ማለት ልጁን የሚጠብቅ፣ በልጁ ስም የሚፈርም ሰው ነው። ልጁ 18 ሲሞላው ያበቃል። ጉዲፈቻ ግን ልጅ ያደርጋል። የሕጉ አነጋገር አጭር ነው፦ የጉዲፈቻ ልጅ በማናቸውም ረገድ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል። ውርስም እዚያ ውስጥ አለ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦

በሕፃናት ጉዳይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የአደራ ቤተሰቡን ነገር እኔ ልመልስ።

የአደራ ቤተሰብ ጊዜያዊ ነው። አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ጋር መኖር ሳይችል ሲቀር፣ ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ዘመዶቹ እስኪመለስ ወይም ቋሚ ቤተሰብ እስኪገኝለት ድረስ በሌላ ቤት ያድጋል። የእናትና የልጅ ግንኙነት በሕግ አይፈጠርም። የቤተሰቡ ስም አይተላለፍም፣ ውርስ የለም። የሚመለከተው የመንግሥት አካል ይመዘግበዋል፣ ይከታተለዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጁን ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና የተቋም እንክብካቤን አንድ ላይ ያስቀምጣል። ሕፃናት ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚኬድበት ነው።

እናት ዓለም፣ ያንቺ ጉዳይ በተግባር ከአደራ ጀምሮ ወደ እናትነት የዞረ ነው። እናቷ "አደራ" ብላ ሰጠችሽ። ወረቀት አልነበረም። ስምንት ዓመት አለፈ። ስለዚህ ጠበቃው እንዳለው እናቷን ፈልጊ። ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ሂጂ። ስለ ቤታችሁ ጥናት ያደርጋሉ።

ጥናቱን ብዙ ሰው ይፈራል። ሶፋ ያስቀይራል፣ መጋረጃ ያጥባል። እኛ ሶፋ አናይም። ልጁ የሚተኛበትን እናያለን። ልጁ ለውኃ ሲነሳ ብርጭቆው የት እንዳለ ያውቃል ወይስ ይጠይቃል? ስንገባ ማን ጋ ሮጦ ይጠጋል? አንድ ቤት ገብቼ ልጁ የኔን ደብተር ነጥቆ "እማዬ ይቺ ምን ትጽፋለች?" ሲል ግማሹን ሪፖርት እዚያው ጨርሻለሁ።

ጋሼ፦

እኔ ግን ይሄ ሁሉ ፍርድ ቤት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። በኛ ጊዜ የዘመድም የጎረቤትም ልጅ እናሳድግ ነበር። እናቴ አራት የሰው ልጅ አሳድጋለች። ማንም "የማን ነህ" ብሎ የጠየቀ የለም። የበላው ከአንድ መሶብ ነው። ፍቅር በማኅተም አይመጣም። ልጅቷን ፍርድ ቤት አቁሞ "እናትሽ ማን ናት" ማሰኘት ለኔ ጭካኔ ነው።

ልጅ ነበርኩ፦

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው። ከእነዚያ ከአራቱ አንዱ እኔ ልሆን እችል ነበር።

በሁለት ዓመቴ ነው የመጣሁት። ያሳደገችኝ ሴት ባልም ልጅም አልነበራትም። ለእኔ እናቴ ናት፣ እስከ ዛሬም። ፍቅር አልጎደለኝም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖርኩ። የመጨረሻውን ዓመት ተኩል ሆስፒታል የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ለቀብሯ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ።

በአርባኛዋ ማግስት የወንድሟ ልጆች የወራሽነት ማስረጃ ይዘው መጡ። የእኔ ስም የለበትም። ሦስት ምስክሮች "ልጅ አልወለደችም፣ ጉዲፈቻም አላደረገችም" ብለው መስክረዋል። ከምስክሮቹ ሁለቱ ስሜን እየጠሩ ያሳደጉኝ ጎረቤቶች ናቸው። አልዋሹም እኮ! የተጠየቁትን በእውነት መለሱ።

ፎቶዋንና ሙቀጫዋን ይዤ ወጣሁ። ቤቱ አላሳዘነኝም። ያሳዘነኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዳኛው "ከሟች ጋር ያለህ ዝምድና?" ብሎ ሲጠይቀኝ የምለው ጠፋኝ።

እናት ዓለም፣ ሚሚ ያንን ጥያቄ እንዳትጠየቅ አድርጊ። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል።

ጋሼ፦

ወንድሜ፣ አዝኛለሁ። እናቴ ያሳደገቻቸው ልጆች ምን እንደደረሳቸው ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንዷ ከቤቱ ምንም ሳታገኝ ነው የወጣችው። እኔም አንዱ ወራሽ ነበርኩ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

የወለጋው፦

ጋሼ ስለ ድሮው ያነሡት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከአፋን ኦሮሞ ነው የመጣው፣ ማሳደግ ከሚለው። አማርኛው የሕግ ቋንቋ የወሰደው ከዚያ ነው።

አያቴ የጉዲፈቻ ልጅ ነበር። የሰማሁትን ልንገራችሁ። በድብቅ የተደረገ ነገር የለም። ሽማግሌ ተጠራ፣ የሁለቱም ወገን ዘመድ ተቀመጠ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ልጃችን ነው" ተብሎ በሁሉ ፊት ተነገረ። በአሳዳጊው አባት ስም ተጠራ፣ በጎሳው ተቆጠረ። መሬት ሲከፋፈል ከተወለዱት እኩል ደረሰው። "አንተ የኛ አይደለህም" የሚል ቢነሳ ሽማግሌዎቹ ነበሩ።

ስለዚህ ድሮ ወረቀት አልነበረም ማለት ማረጋገጫ አልነበረም ማለት አይደለም። ምስክሩ አገሩ ነበር። ከተማ ስንገባ ሽማግሌውን ትተን ልጁን ብቻ ይዘን መጣን። ዛሬ የሽማግሌውን ቦታ የያዘው ፍርድ ቤቱ ነው።

ጠበቃ ነኝ፦

የወለጋው ያልከው ትልቅ ነገር ነው።

ጋሼ ስለ ልጅቷ ያነሡትም ተገቢ ስጋት ነው። ሕጉ ዳኛው የልጁን አስተያየት እንዲሰማ ያዛል። ግን "እናትሽ ማን ናት" ተብሎ በችሎት ማፋጠጥ የለም። ባየሁዋቸው ጉዳዮች ዳኛው ልጁን ቢሮው ውስጥ ነው የሚያነጋግረው፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ።

እናት ዓለም "አባቷ ድንገት ቢመጣስ" ብለሽ ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ልንገርሽ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባትየው ከዓመታት በኋላ መጥቶ ልጄን አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች "አባት አባት ነው" ብለው ፈረዱለት። ሰበር ውሳኔውን ሻረው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አንቀጽ 3 ጠቅሶ ከወላጅ መብት በፊት የልጁ ጥቅም ይታያል አለ። ልጁ አክስቱ ጋ ቀረ። የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። መወለድ ብቻውን ሁሉን አይወስንም ማለት ነው። ማሳደግሽም ብቻውን አይወስንም። የሚጠየቀው ለሚሚ የሚበጃት የቱ ነው የሚለው ነው።

ያላገባሁ፦

በመካከል ስለገባሁ ይቅርታ። 31 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። ለብቻዬ ጉዲፈቻ ማድረግ እችላለሁ? ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሊፈርስ ይችላል?

ጠበቃ ነኝ፦

ትችያለሽ። ሕጉ 25 ዓመት ይላል እንጂ ያገባ አይልም። የራስ ልጅ መኖርም አይከለክልም።

መፍረስን በተመለከተ፣ ጉዲፈቻ በፍጹም አይፈርስም የሚለው መሠረቱ ነው። ተጣላን፣ አመል አወጣ፣ የራሴን ወለድኩ ምክንያት አይሆንም። ፍርድ ቤት የሚሰርዘው አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ መያዙን ትቶ እንደ ባሪያ ካደረገው፣ ለጥቅሙ ሲል ከሥነ ምግባር ውጭ የሆነ ሥራ ካሠራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ከያዘው ነው። ልጅ ለቤት ሥራ ብለው የሚያመጡ ሰዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከዋሽንግተን፦

እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ ትውልዴ አዲስ አበባ። ወላጆቿ የሞቱባት የዘመድ ልጅ አለች። እኔስ?

ጠበቃ ነኝ፦

የውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ እንዲያደርግ የሚፈቅደው ድንጋጌ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ተሽሯል። ከዚያ በፊት ወደ አሜሪካ ብቻ በአንድ ዓመት ከ2,000 በላይ ልጆች የሄዱበት ጊዜ ነበር። አገር ቤት ያለ ዘመድ አሳዳጊ ሆኖ አንቺ ብትደግፊ ልጅቷ ከምታውቀው ሰው አትለይም።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦

ያ በር የተዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጭ ሄደው የተጎዱ ልጆች ነበሩ፣ በዋሽንግተን ግዛት አሳዳጊዎቿ ቤት የሞተችውን ልጅ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እዚህም ሕያው ወላጅ ያላቸው ልጆች "ወላጅ የሌላቸው" ተብለው ወረቀት ተሠርቶላቸዋል። እናቶች ልጁ ተምሮ ይመለሳል ብለው ፈርመዋል። የፈረሙት ግን ለዘለዓለም ነበር። እኔ የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው። ልጆቹ አልቀነሱም። የሚቀበላቸው የአገር ቤት ቤተሰብ ያስፈልጋል፣ ጉዲፈቻም ይሁን አደራ።

የአዳማዋ፦

አደራ ከተነሳ እኔ ልናገር። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ለአሥራ አራት ወር ተቀብዬ ነበር። የመጣ ሰሞን ጫማውን አያወልቅም። ተኝቶ ላወልቅለት ስሞክር ይነቃል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ብጠይቃት "ብዙ ቦታ አዘዋውረውታል፣ ሌሊት እንዳይወስዱት ተዘጋጅቶ ነው" አለችኝ። ተውኩት። አንሶላው ቢቆሽሽም ተውኩት። አራተኛው ወር ላይ አንድ ማታ ራሱ አውልቆ አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ወጥቼ በረንዳ ላይ አለቀስኩ።

በኋላ አያቱ ተገኙ። ደህና ሴት ናቸው፣ ደሃ ግን ልጁን የሚወዱ። መመለሱ ትክክል ነበር። በሄደበት ቀን ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። አሁንም በበዓል ይደውላል።

ይህን የምጽፈው አደራን የምታስቡ ካላችሁ ከመጀመሪያው እንድታውቁት ነው። ልትመልሱት ነው የምትቀበሉት። ለዘለዓለም የእኔ ይሁን የሚል ልብ ካላችሁ ጉዲፈቻ ጠይቁ። ሁለቱን አታምታቱ፣ የሚሰበረው ልጁ ነው።

እናት ዓለም፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። "ልጅ ነበርኩ"፣ ያንተን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሳይናገር ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰና "የት ነው የሚኬደው?" አለኝ። ነገ ጽሕፈት ቤቱ እንሄዳለን። እናቷ የተወለደችበትን ቀበሌ አውቃለሁ። ሰው ልኬያለሁ።

እናት ዓለም፦ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ተገኘች።

ስልክ ቁጥሯ አክስቷ ጋ ነበር። ቀጣሪዎቿ ስልኳን ወስደውባት ቁጥሬን አጥታ ነበር። ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ጋ ትሠራለች። የደወለችው ቅዳሜ ማታ ነው። ድምፄን ስትሰማ ከሰላምታ በፊት ያለችው "አሁንም ጣቷን ትጠባለች?" ነው። "አራት ዓመቷ ላይ ተወች" አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ማውራት አቃተን።

ልትወስዳት ነው ብዬ ፈርቼ እንደነበር አልደብቅም። ስለ ጉዲፈቻው ስነግራት ዝም አለች። "እና እኔ ምኗም አልሆንም ማለት ነው?" አለችኝ። ጠበቃው ያስነበበኝን ነገርኳት። ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለዳት ቤተሰብ ጋር ያላት ግንኙነት እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። ሁለቱ ቤተሰቦች የተለያየ ነገር ሲፈልጉ ነው የአሳዳጊው የሚቀድመው። "የወለድሻት አንቺ መሆንሽ አይፋቅም፣ እኔም አልደብቃትም" አልኳት። ለሦስት ቀን አስባ ደወለች። ቆንስላው ሄዳ ፈርማለች።

ለሚሚ የነገርናት እሑድ ጠዋት ነው፣ እኔና አባቷ አንድ ላይ። ግማሹን ታውቅ ነበር። ልጆች ይሰማሉ። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው "ስልክ ላይ ላናግራት እችላለሁ?" ሁለተኛው "ዳኛው ምን ብዬ ብመልስለት ይሻላል?" የመሰላትን እንድትመልስ ነገርኳት።

የቤት ጥናቱ አልቋል። የጋብቻ ማስረጃችንን፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና የእናቷን ውክልና አስገብተናል። የሁላችንንም መታወቂያ ሁለት ጊዜ ኮፒ አስደርገናል፣ አንዱ ስለደበዘዘ። ቀጠሮአችን ጥቅምት 11 ጠዋት ነው። ከጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻውም ወሳኝ ኩነት ላይ እንደሚመዘገብ ነግረውኛል። ያንን የታጠፈ ቅጽ ከቦርሳዬ አውጥቼዋለሁ። ጫፉ ስለተቀደደ አዲስ እቀበላለሁ።

ልጅ ነበርኩ፦

ጥቅምት 11 ሥራ የለኝም። የምታውቁት ሰው ውጭ ቁሞ እንዲጠብቃችሁ ከፈለጋችሁ እመጣለሁ።

እናት ዓለም፦

ና። ሚሚ "ማን ነው የሚመጣው?" ስትለኝ "ወንድም" ብያታለሁ።